ለምክር ቤት አባላችን የውሃ ቧንቧውን ነገር እንዴት ብዬ ልጻፍላት?

ቦቴ ነጂው፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከየሎውናይፍ ነው፤ ካናዳ፣ ኖርዝዌስት ቴሪቶሪስ። ሥራዬ የውሃ ቦቴ መንዳት ነው። ቧንቧ ያልገባላቸው ቤቶች ውሃቸውን የሚያገኙት በእኛ ነው። ክረምት ላይ ከዜሮ በታች አርባ ሲገባ የቦቴው ውሃ ማስተላለፊያ ጎማ እንደ እንጨት ይደርቃል፤ እየጎተትኩ ከቤቱ መሙያ ጋር እስካገናኘው ጓንቴ ብረቱ ላይ ይጣበቃል።

ከደንበኞቼ አንዲት የዴኔ፣ ማለትም የአገሩ ቀደምት ሕዝብ፣ አሮጊት አሉ። እማማ ነው የምላቸው። ውሃ ስሞላ ሁሌም መስኮት ላይ ቆመው ያዩኛል። ባለፈው ወር በሩን ከፈቱና «ይሄ ውሃ ከየት ነው የሚመጣው?» አሉኝ። ከወንዙ ነው አልኳቸው። «ከሐይቁ ዳር አይደለም አይደል?» ብለው ደግመው ጠየቁኝ። ልጅ ሳሉ በረዶ አቅልጦ መጠጣት ተከልክሎ እንደነበር ነገሩኝ። በ1951 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ ነው) አንድ የዴኔ ሕፃን አርሰኒክ በሚባል መርዝ ተመርዞ ሞቶ ነበር፤ ይህ የተመዘገበ ነገር ነው፣ የአገሩ ሰውም እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ለማታውቁት ላስረዳ። ከከተማው ጥግ ጃያንት የሚባል የወርቅ ማዕድን ነበር፤ ከ1948 እስከ 2004 ሠርቷል። ድንጋዩን ሲጠብሱ የወጣው መርዝ ዛሬም ከመሬት በታች ተቀምጧል፦ 237,000 ቶን አርሰኒክ ትራይኦክሳይድ። ባለቤቱ ኩባንያ ሲከስር ጣጣው የፌዴራል መንግሥት ሆነ። የማጽዳቱ ወጪ 4.38 ቢሊዮን ዶላር ተገምቷል። በዚህ ስጋት ነው ከተማው ውሃውን ከፊት ለፊቱ ካለው ሐይቅ መቅዳቱን ትቶ፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ 8 ኪሎ ሜትር ቧንቧ በውሃ ውስጥ ዘርግቶ ከየሎውናይፍ ወንዝ ማምጣት የጀመረው። ያ ቧንቧ አርጅቷል። በ2019 የፌዴራል መንግሥት ለመቀየሪያው 25.8 ሚሊዮን ዶላር ቃል ገባ፤ ከተማው 8.6 ሚሊዮን ገደማ ሊያዋጣ ነበር።

የእማማ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝና መደወል ጀመርኩ። አንዱ ቢሮ «ቧንቧው የእኛ አይደለም» አለኝ፤ ሁለተኛው «ገንዘቡ የእኛ አይደለም» አለኝ፤ ሦስተኛው ስልኩን ይዤ እየጠበቅሁ ተቋረጠ። አሁን ሰፈራችንን በቴሪቶሪው (በክልሉ) ምክር ቤት የምትወክለው አባል ከስብሰባው በፊት የሕዝብ ጥያቄ እየሰበሰበች ነው። ስለ መንግሥት ወጪ፣ ስለ መንገድና ውሃ፣ ስለ ጤና አጥብቃ የምትጠይቅ ሴት ናት። እኔ የጻፍኩት ግን «ለሕዝብ ጤና ሲባል ቧንቧው ቶሎ ይቀየር» የሚል ነው። ሳነበው ልመና ሆነብኝ። ሚኒስትሩ «እየሠራንበት ነው» ብሎ እንዳይቀመጥ እንዴት ብዬ ልጻፈው?

የድሮ ነዋሪ፦

ወንድሜ፣ እኔ እዚህ ከተማ የገባሁት የዴ ቾ ድልድይ ሳይሠራ ነው። ያኔ የማኬንዚን ወንዝ በጋ በጀልባ፣ ክረምት በበረዶው ላይ ነበር የምንሻገረው። ፀደይ ላይ በረዶው ሲሰባበር ጀልባውም አይሠራ፣ በረዶውም አይረገጥ። ለሳምንታት ትኩስ ምግብ በአውሮፕላን ካልመጣ አይገባም ነበር፤ ለልጄ ወተት ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ የዞርኩበትን ቀን አልረሳም። ድልድዩ በኖቬምበር 2012 እስኪከፈት ድረስ ወጪው ስንት ጊዜ ምክር ቤት ውስጥ እንደተነሳ አስታውሳለሁ። ስለዚህ መጠየቅ ከንቱ ነው የሚልህን አትስማ።

አንድ ነገር ልብ በል። እዚህ ምክር ቤት ውስጥ ፓርቲ የለም። 19 አባላት አሉ፤ ፕሪሚየሩንና ስድስቱን ሚኒስትሮች የሚመርጡት እነሱው ናቸው። አፈ ጉባኤው ሲቀነስ ካቢኔው 7፣ የቀሩት ተራ አባላት 11 ናቸው። በጀት ያለ እነሱ ድምፅ አያልፍም። የአንተ ተወካይ ብቻዋን አይደለችም፤ ጥያቄህ ለሌሎቹ አሥሩም እንዲጠቅም አድርገህ ጻፈው።

ደግሞ አንድ ቀን ሄደህ ከሕዝብ መቀመጫው ላይ ተቀመጥ፤ ማንም አይከለክልህም። በትረ ሥልጣኑን ይዘው ሲገቡ ውስጡ ጠጠር ሲንኮሻኮሽ ትሰማለህ። ከ33ቱም መንደሮችና ከተሞች የመጣ ጠጠር ነው። እኔ መጀመሪያ የሰማሁት ቀን ዓይኔ እንባ ሞላ።

ሒሳብ ሠራተኛው፦

ጥያቄህን «ለምን» ብለህ አትጀምር። «ለምን» ለሚኒስትር የንግግር በር ነው። «ስንት»፣ «መቼ» እና «ማን» ብለህ ጀምር።

ገንዘቡን በተመለከተ ደግሞ ሰው ሁሉ የሚስተው ነገር አለ። የበጀት ዓመቱ ኤፕሪል 1 ይጀምራል። የግንባታው በጀት መኸር ላይ ለብቻው ይጸድቃል፤ የሥራ ማስኬጃው የካቲት አካባቢ ይቀርባል። ጋዜጣ ላይ የሚወጣው የጸደቀው ነው። ነገር ግን የጸደቀ ሁሉ አይሠራበትም፤ ሠራተኛ አልተገኘም፣ ዕቃ አልደረሰም፣ የግንባታው ወራት አለፈ ይባልና ያልተነካው ገንዘብ በተጨማሪ በጀት ወደሚቀጥለው ዓመት ይዛወራል። በ2024 የማኬንዚ ውሃ ወርዶ ጭነት ጀልባዎች ሲሰረዙ አላየህም? ስለዚህ «ስንት ተፈቀደ» ብቻ ሳይሆን «ስንቱ ወጣ፣ ስንቱ ተዛወረ» ብላ ትጠይቅልህ። መልሱ ያለው እዚያ ነው።

ያንተ ቧንቧ ደግሞ የማዘጋጃ ቤቱ ንብረት ነው። «ቧንቧውን መቼ ትቀይራላችሁ» ካልክ ሚኒስትሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይገላገልሃል። የቴሪቶሪው መንግሥት ግን ለማዘጋጃ ቤቶች የሚሰጠው ገንዘብ ከሚያስፈልጋቸው በታች መሆኑን ራሱ ያመነው ጉዳይ ነው። ጥያቄህን እዚያ ላይ ትከለው። በቃል ብቻ ሳይሆን በጽሑፍም ታቅርበው፤ በጽሑፍ ለቀረበ ጥያቄ በጽሑፍ መመለስ ግዴታ ነው፣ ቁጥሩም መዝገብ ላይ ይቀራል።

ነርሷ፦

ወንድሜ፣ ሐሳብህን አከብራለሁ፤ ግን አንድ ነገር አጥብቄ ልለምንህ። ውሃው መርዝ አለበት የሚመስል ቃል አትጻፍ። ከቧንቧ የሚወጣው ውሃ ተጣርቶና ተመርምሮ ነው የሚመጣው። እኔ በትንሽ መንደር ጤና ጣቢያ ስሠራ አንድ ወሬ ብቻ በቂ ነበር፤ እናቶች የቧንቧ ውሃ ትተው ለሕፃን በጡጦ ለስላሳ መጠጥ ሲሰጡ አይቻለሁ። ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ጥርሱ ጠቁሮ፣ እናቱ «ውሃውን ፈርቼ ነው» ስትለኝ የምለው ጠፋኝ። ፍርሃቱ ከሜዳ አልመጣም፤ ባለፈው በደል የመጣ ነው። ስለዚህ አሁን ያለው ውሃ ደህና መሆኑን ጽፈህ፣ ቧንቧው ቢሰበር በማግስቱ ምን ይጠጣል ብለህ ጠይቅ። የሕዝብ ጤና ጥያቄው እሱ ነው።

ደግሞ የተወካይህን ሰዓት ሁሉ የሎውናይፍ አይውሰደው፤ አንተም ንገራት። ትንንሾቹ ጤና ጣቢያዎች ነርስ ሲጠፋ ለድንገተኛ ብቻ ይከፈታሉ። ነፍሰ ጡሮች ከመውለጃቸው ሳምንታት አስቀድመው ቤታቸውን ጥለው ይወጣሉ። በዓመት ስንት ቀን እንደዚያ እንደተሠራ፣ ለሕመምተኛ በረራ ስንት እንደወጣ፣ ለጊዜያዊ ነርሶች ስንት እንደተከፈለ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ማየት እፈልጋለሁ።



ቦቴ ነጂው፦

እግዜር ይስጥልኝ። እህቴ ነርሷ፣ ያልሽው ልቤን ነካው። እኔም እኮ ለእማማ ስመልስላቸው እንዳላስፈራቸው ተጨንቄ ነበር። የአንቺንም ጥያቄ ከእኔው ሥር ለብቻው አድርጌ ልኬላታለሁ።

በኦገስት 2023 እሳቱ ሲመጣ ሃያ ሺህ የሚጠጋ ሰው ከዚህ ከተማ ወጣ። እኔም ሁለት ልጆቼን ከኋላ ጭኜ፣ በእግራቸው ሥር ሃያ ሊትር ጀሪካን ውሃ አስቀምጬ በዚያች አንድ መንገድ ነዳሁ። ጭሱ ውስጥ መኪና ለመኪና ተያይዘን ስንሄድ፣ ትንሹ ልጄ በየደቂቃው ውሃው አለቀ ወይ እያለ ይጠይቀኝ ነበር። ቧንቧውን ባሰብኩ ቁጥር የምሰማው የእሱን ድምፅ ነው።

አሁን እንዲህ አድርጌ ጻፍኩት፦

«ለማዘጋጃ ቤቶች ጉዳይ ሚኒስትር። የሎውናይፍ የሚጠጣው ውሃ ደህና ነው፤ የሚያመጣው ቧንቧ ግን ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። በ2019 ከፌዴራል መንግሥት ቃል ከተገባው 25.8 ሚሊዮን ዶላር እስከ ዛሬ ስንቱ ሥራ ላይ ዋለ? የመቀየሪያው የዛሬ ዋጋ ስንት ነው፣ ልዩነቱንስ የሚሸፍነው ማን ነው? ቧንቧው በጥር ወር ቢሰበር፣ ውሃ በመጀመሪያው ቀን ከየት ይቀዳል፣ ደህንነቱን የሚያረጋግጠውስ ማን ነው?»

የመጨረሻውን ጥያቄ ለጤና ሚኒስትሩም ለብቻው እንድታቀርበው ጠይቄያታለሁ፤ አንዱ ወደ ሌላው እንዳይመራት። ሐሙስ ለእማማ ውሃ ሳደርስ አነብላቸዋለሁ።

ሒሳብ ሠራተኛው፣ የተዛወረው ገንዘብ የሚታይበትን ሰነድ ስም ብትጽፍልኝ ደግሞ እኔው ፈልጌ አነበዋለሁ።

ሒሳብ ሠራተኛው፦

የተጨማሪ በጀት ሰነዱን ነው የምትፈልገው፤ የግንባታውን። ከምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ በስብሰባው የቀረቡ ሰነዶች ውስጥ ታገኘዋለህ። በየመሥሪያ ቤቱ ተከፋፍሎ ነው የተጻፈው፤ ማዘጋጃ ቤቶችን ከሚመለከተው ጀምር። ቁጥሩ ካልገባህ ገጹን ፎቶ አንስተህ እዚሁ ለጥፈው፤ አብረን እናየዋለን።