ለትንሽ ነገር ፈሊጥ ካልተጻፈ ማርክ ይቀነስ? የየካ አባዶ ወላጆች ክርክር

የ8ኛዋ አባት፦ ወላጆች፣ እስቲ ፍረዱኝ። 8ኛ ክፍል ያለችው ልጄ ስለ አያቷ ወጥ በእንግሊዝኛ ድርሰት ስትጽፍ «ቬሪ ሊትል ሶልት»፣ በጣም ትንሽ ጨው አለች። መምህሩ «ኤ ፒንች ኦፍ ሶልት፣ ቁንጥር ጨው በይ፣ ቋንቋሽ ይድመቅ» ብለው 2 ማርክ ቀነሱባት። ሰዋስዋ ልክ ነው። ታዲያ ይሄ ያስቀንሳል?

ባለ 4ኛ ፎቁ፦ ያስቀንሳል እንጂ! ነገ ፈተና ላይ «ቴክ ኢት ዊዝ ኤ ፒንች ኦፍ ሶልት» ሲመጣ ጨው ፍለጋ ሊገቡ ነው? የተባለውን ሁሉ አትመን ማለት እኮ ነው።

የጤና ኤክስቴንሽኗ፦ አንብቦ መረዳት ሌላ፣ ሲጽፉ መጠቀም ሌላ። የጤና ክበብ ልጆች ለተቅማጥ ቤት ውስጥ የሚበጠበጠውን በእንግሊዝኛ ፖስተር ሠርተው ጨዉን «ኤ ፒንች» አሉት። ወዲያው አስወረድኩት። ልኩ የታወቀ ነው፤ ለ1 ሊትር ንጹህ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ያልተቆለለ። ቁንጥር እንደየጣቱ ነው። ጨው ከበዛ ሕፃን ይጎዳል።

ባለ 4ኛ ፎቁ፦ እትዬ፣ ወጥ ነው ያለችው! ደግሞ ልክ የለውም ያለው ማነው? አሜሪካ የሚሸጡ ትንንሽ ማንኪያዎች ላይ «ዳሽ» የሻይ ማንኪያ 1/8፣ «ፒንች» 1/16፣ «ስሚጅን» 1/32 ተብሎ ተጽፏል።

የጤና ኤክስቴንሽኗ፦ ያ ማንኪያ አባዶ ማን ቤት ነው ያለው? ለወጡማ ትቆንጥር፣ ማን ከለከላት። ግዴታ አይሁን ነው ያልኩት።

የሰንበት ትምህርት ቤቱ፦ ሁሉም የፈረንጅ ነው አትበሉ እንጂ። «ኤ ድሮፕ ኢን ዘ በኬት» የሚሉትን ኢሳይያስ 40፥15 ላይ በገንቦ እንዳለች ጠብታ ብለን እናውቀዋለን። ልጆቹ ይህን ቢነገራቸው ቶሎ ይይዙታል።

ጡረተኛው፦ ውሃ ተሸክሜ ስወጣ ዘገየሁ። እኔ በሥራ ዘመኔ ደብዳቤ ሳረቅቅ ነው የኖርኩት። ለወረዳ ስትጽፉ «ውሃ ለመድኃኒት ጠፋ» ትላላችሁ? «ከተቋረጠ 3ኛ ሳምንቱ ነው» ትላላችሁ እንጂ። ለመድኃኒት ጠፋ የሚባለው ለጎረቤት ነው። ልጆቹም ይህን ይለዩ። የሥራ ማመልከቻ ላይ «ኤ ታድ ኦፍ ኤክስፒሪየንስ»፣ ትንሽዬ ልምድ የሚል ልጅ ማን ይቀጥረዋል? 1 ዓመት ከሆነ 1 ዓመት ይበል።

ባለ 4ኛ ፎቁ፦ ጋሼ፣ ለማመልከቻውስ እሺ። ድርሰት ግን ማመልከቻ አይደለም።

ጡረተኛው፦ አይደለም። ግን ማርክ ከተቀነሰ ትርጉም በሚያዛባው ይቀነስ። «አይ ሃቭ ፊው ፍሬንድስ» ያለ ልጅ ጓደኛ የለኝም ማለቱ ነው ማለት ይቻላል። «ኤ ፊው» ሲል ነው ጥቂት አሉኝ የሚሆነው። ይህችን «ኤ» የዘለለ ይቀነስበት። ጨው ቆንጥሪ ተብሎ መቀነስ ግን፣ እንጃ!

የ8ኛዋ አባት፦ ተባረኩ ጋሼ። መምህሩ ግሩፑ ውስጥ አሉ እንዴ?

መምህሩ፦ አለሁ፣ ከጠዋት ጀምሮ እያነበብኩ ነው። ሰኞ ደብተሯን ይዛ ትምጣ። 1 ማርክ እመልሳለሁ፤ ለሁለተኛው አልተረታሁም።