የደሴ ብርድና የዘመድ ጥያቄ

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ፣ ደሴ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ታኅሣሥ ሲገባ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ አጥንት ነው የሚሰብረው፣ ጠዋት ላይብረሪ ጋቢ ደርቤም ጣቴ ደንዝዞ እስክሪብቶ አልይዝ ይለኛል፣ ከብርዱ የባሰብኝ ግን ቤት ስደውል ዘመድ ሁሉ "ለምን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አልደረሰሽም?" ሲለኝ ነው፣ ውጤቴ ጥሩ ሆኖ እንኳ ያነስኩ ይመስለኛል። እናንተ እንዴት ቻላችሁት?

መልስ 1፦ አይዞሽ እህቴ። ደሴ እኮ ከፍታዋ 2,500 ሜትር ገደማ ነው፣ በጋ ላይ ሰማዩ ጥርት ሲል ሌሊቱ ይብሳል፣ ከባዱን ኮርስ ፀሐይ እያለ አጥኚ።

መልስ 2፦ እኔ ኮምቦልቻ ነኝ፣ እዚህ ጃኬትም አያስፈልግ። ለመመረቅ የምንፈተነው የመውጫ ፈተና ከ2015 ጀምሮ በየትምህርት ክፍሉ ለሁሉም ዩኒቨርሲቲ አንድ ነው፣ አዲስ አበባም ተማርሽ ደሴ ያው ወረቀት ነው የሚቀርብልሽ፣ እሱን ንገሪያቸው።

መልስ 3፦ እናትሽን ለብቻ አናግሪያት፣ ዘመዱን እሷ ዝም ታሰኝልሻለች።