የጋራ ማስተዋወቂያ ዕቅዳችን፦ ረቂቁ ላይ ሐሳብ ስጡ

አወያይ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ረቂቁ ይኸው። የደራሲ ማኅበራችን የማስተዋወቂያ ገንዘብ ግማሹ ለፌስቡክ ማስታወቂያ፣ ሩቡ ለሽፋን ሥራ፣ የቀረው ደግሞ አባላት አንዱ የሌላውን መጽሐፍ አንብቦ አስተያየት ለሚጽፍበት ዘመቻ ይዋል ይላል። ያልጣማችሁን በግልጽ ተናገሩ።

የወንጀል ልብወለድ ጸሐፊ፦ ዘመቻው ከረቂቁ ይውጣ። ደራሲዎች ተነጋግረው የሚለዋወጡትን አስተያየት አማዞን ይከለክላል፤ ሲደርስበት ያነሳዋል፣ ከባሰም አካውንት ይዘጋል። አንባቢውም ቢሆን ይነቃል። በምትኩ መጽሐፉ ከመውጣቱ በፊት ለማያውቁን አንባቢዎች ነፃ ቅጂ እንላክ። ነፃ ቅጂ መስጠት ችግር የለውም፣ «ጥሩ አድርጋችሁ ጻፉልን» ማለት ነው የማይቻለው።

የፍቅር ልብወለድ ጸሐፊ፦ በዚህ እስማማለሁ። እኔን ያልተዋጠልኝ የማስታወቂያው ግማሽ ነው። የአማዞን ኢ-መጽሐፍ መሸጫ በሆነው ኪንድል ላይ መጽሐፍ ከ2.99 ዶላር በታች ሲሸጥ ለደራሲው የሚደርሰው 35 በመቶ ብቻ ነው። በ0.99 ዶላር ከሸጥን ከአንዱ ቅጂ 35 ሳንቲም ገደማ እናገኛለን፤ አንድ ገዢ ለማምጣት ለማስታወቂያ ከዚያ በላይ ካወጣን በሸጥን ቁጥር እየከሰርን ነው። ተከታታይ መጽሐፍ ያላቸው ግን የመጀመሪያውን በርካሽ ወይም በነፃ ሰጥተው በሁለተኛውና በሦስተኛው ሊያካክሱት ይችላሉ። ስለዚህ ማስታወቂያው ለእነሱ ይሁን። የሌሎቻችን ድርሻ የአንባቢ ኢሜይል መሰብሰቢያ ላይ ይዋል። የፌስቡክ ተከታይ በእጃችን ያለ ሰው አይደለም፣ ልጥፋችን ለማን እንደሚደርስ የሚወስነው ፌስቡክ ነው። ኢሜይሉን የሰጠን አንባቢ ጋር ግን ቀጣዩ መጽሐፍ ሲወጣ ራሳችን እንደርሳለን።

አወያይ፦ ጥሩ፣ ግን ሰው ኢሜይሉን እንዲሁ አይሰጥም። ምን እንስጠው?

የፍቅር ልብወለድ ጸሐፊ፦ የጋራ መድበል። እያንዳንዳችን አንድ አጭር ታሪክ እናዋጣ፣ ከመጽሐፋችን ገጸ ባሕርያት የአንዱን። አንባቢው ተመዝግቦ በነፃ ያወርዳል። ሲመዘገብ ግን የየትኛው ደራሲ ደብዳቤ እንዲደርሰው ራሱ ይምረጥ፤ ሳይፈቅድ ለሁላችንም ካከፋፈልነው በመጀመሪያው ደብዳቤ ነው የሚሸሸን።

ገንዘብ ያዥ፦ ኬዲፒ ሴሌክት ውስጥ፣ ማለትም ኢ-መጽሐፍን ለአማዞን ብቻ በሚሰጡበት ፕሮግራም ውስጥ ያላችሁ እዚህ ጋ ልብ በሉ። እዚያ የገባ ኢ-መጽሐፍ ለ90 ቀናት በዲጂታል መልክ ሌላ ቦታ አይሸጥም፣ በነፃም አይሰጥም። ካላቋረጣችሁት ደግሞ ራሱን ያድሳል። ስለዚህ ለመድበሉ የምትሰጡት ታሪክ አዲስ ይሁን፣ እዚያ ካለ መጽሐፍ የተቆረጠ ምዕራፍ አይሁን።

ሽፋን የምትሠራው፦ የሽፋኑ ሩብ እንዳይነካ አደራ። ሽፋናችሁን ስልክ ላይ የጥፍር ያህል አሳንሳችሁ እዩት። ርዕሱ ካልተነበበ፣ ወይም የወንጀል ይሁን የፍቅር ካልለየ፣ ማስታወቂያው ያመጣው ሰው ዝም ብሎ ያልፋል። ሌላም አለ። ብዙዎቻችን ታሪኩ ካለቀ በኋላ የምናስቀምጠው ረጅም ምስጋና ነው። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር አንብቦ ልቡ ገና ታሪኩ ውስጥ ያለ አንባቢ ገጹን ሲገልጥ መጀመሪያ የቀጣዩን መጽሐፍና የመመዝገቢያውን ሊንክ ያግኝ። ምስጋናው ከዚያ ወዲያ ይደርሳል። ይኼ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም፣ ዛሬውኑ ልናስተካክለው እንችላለን።

የወንጀል ልብወለድ ጸሐፊ፦ አንድ ነገር ልጨምር። መድበሉ ለሁለት ይከፈል። የእኔ አንባቢ ሬሳና መርማሪ ፈልጎ መጥቶ የሰርግ ታሪክ ከገጠመው ይተወዋል፤ የፍቅር ልብወለድ ጸሐፊዋም አንባቢ እንዲሁ። የተቀላቀለ የኢሜይል ዝርዝር ቁጥሩ ቢበዛም የሚገዛው ጥቂት ነው።

አወያይ፦ ይሁን፣ በዘውግ ሁለት መድበል። ዘመቻው ከረቂቁ ወጥቷል፣ ማስታወቂያው ተከታታይ መጽሐፍ ላላቸው ብቻ፣ የሽፋኑ ሩብ እንዳለ ነው። ገንዘብ ያዥ፣ የተረፈውን ለኢሜይል መላኪያ አገልግሎቱ አስልተህ ረቂቁ ላይ አስገባልን። ታሪክ የምታዋጡ ከስማችሁ ጎን ዘውጉን እዚሁ ሥር ጻፉ።