አዳኙ ሳይገድል፣ ፍርሃቱ ብቻ የዱር እንስሳትን ቁጥር ሊቀንስ ይችላል?

የመስኮት ዳር (ጥያቄ)

ጤና ይስጥልኝ። ከመስኮቴ ትይዩ በተበተነ ፍሬ ዙሪያ የሚሰበሰቡትን ርግቦች ስመለከት አንድ ነገር አስገረመኝ። አንዲቱ ሁለት ሦስት ጊዜ ለቀም ታደርግና አንገቷን ቀና አድርጋ ዙሪያዋን ትቃኛለች፤ ከዚያም እንደገና ታጎነብሳለች። ብቻዋን ስትሆን ቶሎ ቶሎ ቀና ትላለች፤ ሌሎች ሲቀላቀሏት ግን ረጋ ብላ ትለቅማለች። ጭልፊት አንድም ቀን አላየሁም። ላልመጣ ጭልፊት ስትል ከመብል ጊዜዋ ምን ያህሉን እንደምታጣ ሳስብ ይህ ጥያቄ ተፈጠረብኝ።

በትምህርት ቤት የተማርነው፣ አዳኝ የታዳኙን ቁጥር የሚወስነው በመግደል እንደሆነ ነው። ስንት ተበላ፣ ስንት ተረፈ የሚል ሒሳብ ነበር። አዳኙ አንዱንም ሳይነካ፣ በመኖሩ ብቻ የእንስሳቱን ቁጥርና የሚኖሩበትን አካባቢ ሊለውጥ ይችላልን? በሙከራ የተረጋገጠ ነገር ነው ወይስ ሲነገር የሚያምር ታሪክ? በአሜሪካው የሎውስቶን ፓርክ ተኩላዎች ተመልሰው ወንዙን ሳይቀር ለወጡት የሚባለውንም ምን ያህል እንደማምነው ግራ ገብቶኛል።

ፌንጣ (መልስ)

በርግቦቹ ላይ ያዩት ነገር ትክክል ነው፤ በብዙ የአእዋፍና የአጥቢ ዝርያዎችም ተመዝግቧል። መንጋው ሲበዛ የሚቃኘው ዓይን ስለሚበዛ እያንዳንዱ እንስሳ ራሱ የሚጠብቅበት ጊዜ ይቀንሳል። በዚያ ላይ አደጋው ቢመጣ እንኳ ከብዙዎች መካከል የሚነጠቀው እሱ የመሆኑ ዕድል ያንሳል።

ዋናው ችግር ፍርሃትን ከግድያ ለይቶ መለካቱ ነበር፤ ምክንያቱም አዳኝ ባለበት ሁሉ ሁለቱ አብረው ይገኛሉ። የሥነ ምህዳር ተመራማሪው ኦስዋልድ ሽሚትዝና ባልደረቦቹ በ1990ዎቹ (ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ያገኙት መፍትሔ እስካሁን ያስደንቀኛል። በመስክ ላይ በሽቦ ወንፊት በተከለሉ ሣራማ ቦታዎች ፌንጣዎችን አስገቡ፤ በአንዳንዶቹ ውስጥ ደግሞ አፋቸው በሙጫ የታሸገ ሸረሪቶችን ጨመሩ። እንዲህ ያለው ሸረሪት ይሄዳል፣ ያደባል፣ ያሳድዳል፤ መንከስ ግን አይችልም። ያም ሆኖ ፌንጣዎቹ የሚመርጡትን ሣር ትተው መሸሸጊያ ወደሚሆናቸው ቅጠላማ ተክል ዞሩ፤ በተክሎቹ ላይ የታየውም ለውጥ አፉ ያልታሸገ ሸረሪት ከሚያመጣው ጋር ተቀራራቢ ሆነ። በ2012 በወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በሸረሪት ፍርሃት ያደጉ ፌንጣዎች ሬሳ ናይትሮጅኑ ከካርቦኑ አንጻር አነስ ብሎ ተገኘ። ልዩነቱ ትንሽ ቢሆንም ሬሳው በበሰበሰበት አፈር ላይ በኋላ የወደቀው የተክል ግብስባስ የሚበሰብስበት ፍጥነት ቀነሰ። የሸረሪት ጥላ እስከ አፈሩ ድረስ ይወርዳል ማለት ነው።

ስለ ቁጥር መቀነስ ለጠየቁት ቀጥተኛው መልስ ግን በ2011 የታተመው የተመራማሪዋ የሊያና ዛኔትና የባልደረቦቿ ሙከራ ነው። በካናዳ ምዕራባዊ ጠረፍ ደሴቶች ላይ ድንቢጥ መሰል የሆኑ ዘማሪ ወፎችን ጎጆ በኤሌክትሪክ አጥርና በመረብ ከለሉ፤ አዳኝ እንዳይደርስባቸው አደረጉ። ከዚያም በድምፅ ማጉያ ለአንዱ ቡድን የአዳኞችን ድምፅ፣ ለሌላው ጉዳት የማያደርሱ እንስሳትን ድምፅ እያሰሙ የመራቢያውን ወቅት ዘለቁ። የአዳኝ ድምፅ የሰሙት ወፎች በዓመቱ ያሳደጓቸው ጫጩቶች በ40 በመቶ አነሱ። እንቁላሉ አነሰ፣ ከተጣለው የተፈለፈለው አነሰ፣ ከተፈለፈለው ደግሞ በጎጆ ውስጥ የሞተው በዛ፤ ወላጆቹ ለመብል ፍለጋ የሚወጡበትን ጊዜ ቀንሰው ነበርና። ማንም አልተበላም።

ጥንቁቅ አንባቢ (መልስ)

ፌንጣ የጻፉትን እቀበላለሁ፤ ይሁን እንጂ ከወንፊት ሳጥንና ከትናንሽ ደሴቶች ተነሥቶ ስለ ሰፊ ምድር መደምደም አደገኛ ነው። የሎውስቶን ለዚህ ጥሩ ማስጠንቀቂያ ይሆናል።

እርግጠኛ የሆነው ይህ ነው፦ ተኩላዎቹ በ1920ዎቹ ከፓርኩ ጠፍተው ነበር፤ በ1995 እና በ1996 ከካናዳ 31 ተኩላዎች መጥተው ተለቀቁ። ከዚያ በኋላ ኤልክ የተባለው ትልቅ አጋዘን ቁጥሩ በሰሜናዊው ክፍል ከ15,000 በላይ ከነበረበት በ2013 ከ4,000 በታች ወረደ። በአንዳንድ ቦታዎችም አኻያና አስፐን የተባሉት ዛፎች ማንሠራራት ጀመሩ። ታሪኩ የሚቀርበው ግን ኤልኮቹ በፍርሃት ሸለቆውን ለቀው ወጡ፣ ዛፉ በቀለ፣ ወንዙ ተስተካከለ ተብሎ ነው። ቁጥሩን የቀነሰው ተኩላ ብቻ እንዳልነበረ ይረሳል፤ አዳኝ ሰዎች፣ ድቦች፣ ኩጋር የተባሉት ትልልቅ የዱር ድመቶችና ድርቅም ድርሻ አላቸው። በዚያ ላይ ቁጥሩ ራሱ በዚህ መጠን ሲወርድ፣ ለዛፉ ማደግ ምክንያቱ የተበሉት ኤልኮች ይሁኑ የፈሩት ለመለየት አስቸጋሪ ነው።

ስለ ወንዙም ቢሆን፣ ተኩላ በሌለበት ዘመን ጅረት የሚገድቡት ቢቨር የተባሉ እንስሳት ከጅረቶቹ ዳር ጠፍተው፣ የውሃው መስመር ጠልቆ፣ የከርሰ ምድሩ ውሃ ከአኻያው ሥር ርቆ ነበር። ተመራማሪዎች አኻያውን በአጥር ከልለው ኤልክ እንዳይደርስበት ካደረጉ በኋላም ውሃው በግድብ ከፍ ባልተደረገበት ቦታ ተክሉ አጥሮ ቀርቷል። ስለዚህ ኤልክን ማስፈራራት ብቻውን የጠፋውን አይመልስም።

በ2018 የወጣ አንድ ጥናት ደግሞ በአንገታቸው ጂፒኤስ የታሰረላቸውን ኤልኮች ተከታትሎ፣ አደገኛ የሚባሉትን ቦታዎች ጨርሰው እንዳልተዉአቸው አሳየ። ተኩላ በብዛት የሚያድነው ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ነው፤ ኤልኮቹ ወደዚያው ቦታ የሚመለሱት ተኩላው በሚያርፍበት ሰዓት ነው። እኔ በግሌ እንስሳት ምድሩን በአስጊና በአስተማማኝ ቦታ ከፍለው ይኖራሉ ለማለት የሚነገረውን «የፍርሃት ካርታ» የሚል የተለመደ አባባል ብዙም የማልወደው ለዚህ ነው፤ ካርታ ሰዓት የለውምና።

የመስኮት ዳር

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ እንስሳው ፍርሃቱ ይህን ያህል የሚያስከፍለው ከሆነ ስለምን አይለምደውም? አንበሳ በየቀኑ በሚዞርበት ሜዳ የሚግጥ እንስሳ ሁልጊዜ ተሳቆ ሊኖር አይችልም።

ድኩላ (መልስ)

አይኖርምም። አደጋው አልፎ አልፎ ከመጣ እንስሳው መብሉን ትቶ ተደብቆ ቢያሳልፈው ይሻለዋል፤ ሳይቋረጥ ከቀጠለ ግን ረሃቡ ራሱ ገዳይ ስለሚሆን ፈርቶም ቢሆን ይግጣል። በሌላ በኩል በከንቱ መሸሽ የሚያሳጣው ጥቂት ጉርሻ ሲሆን አንዴ አለመሸሽ ነፍስ ያሳጣል፤ እናም «እባብ ያየ በልጥ በረየ» የምንለው ለድኩላም ለርግብም ትክክለኛ ሒሳብ ነው።

ስሜን የወሰድኩበት እንስሳ በዚህ ጉዳይ ጥሩ ምስክር አለው። በሞዛምቢክ ጎሮንጎሳ ፓርክ፣ በ1992 ባበቃው ጦርነት ምክንያት ነብርና የዱር ውሻ ጠፍተው ነበር። ጫካና ቁጥቋጦ የማይለቀው ድኩላ ከዚያ በኋላ ወደ ግልጡ ሜዳ ወጥቶ ይግጥ ጀመር። ተመራማሪዎች የነብር ድምፅና የአዳኝ ጠረን በማስመሰል ሲያሰሙና ሲያኖሩ ድኩላዎቹ ወደ መሸሸጊያቸው ተመለሱ። ብዙዎቹ ነብር አይተው የማያውቁ ትውልዶች ሲሆኑ ፍርሃቱ ግን አልጠፋም ነበር።

ከሁሉ የሚፈራውን አዳኝ ደግሞ እስካሁን አላነሣችሁም። በ2023 የታተመ ጥናት በደቡብ አፍሪካው ክሩገር ፓርክ በውሃ መጠጫዎች አጠገብ የአንበሳ ድምፅና በእርጋታ የሚያወሩ ሰዎችን ድምፅ አሰማ። እንስሳቱ ሰው ሲናገር ሲሰሙ የመሸሻቸው ዕድል ከአንበሳው በእጥፍ በለጠ፤ ውሃውንም በ40 በመቶ ፈጥነው ለቀቁ። ከአጥቢዎች ብዙዎቹ ሰው በበዛበት ሥራቸውን ወደ ሌሊት እያዞሩ መሆኑም በ2018 በ62 ዝርያዎች ላይ በተሰበሰበ መረጃ ታይቷል።

ፌንጣ

ለጠያቂው አንድ ነገር ላክል፤ ሙከራውን በመስኮትዎ ሥር ሊሠሩት ይችላሉ። ሁለት ጠፍጣፋ ሳህን ይውሰዱ፣ አሸዋ ይሙሉ፣ በእያንዳንዱ እኩል የተቆጠረ ፍሬ ይቀላቅሉ፤ አንዱን ከቁጥቋጦ አጠገብ፣ ሌላውን ግልጥ ቦታ ያኑሩ። አሸዋው የግድ ነው፤ ፍሬው እያነሰ ሲሄድ ማግኘቱ እየከበደ ስለሚመጣ ወፏ የሆነ ጊዜ ላይ ትታው ትሄዳለች። ትታ የሄደችው ፍሬ ብዛት የቦታው አስፈሪነት መለኪያ ይሆናል። ተመራማሪው ጆኤል ብራውን በ1988 ያስተዋወቀው ዘዴ ይኸው ነው፤ በምድረ በዳ አይጦች ላይ ሲሞከር ጨረቃ በምታበራበት ሌሊት በግልጡ ቦታ የሚተዉት ፍሬ ይበዛል። ውጤቱን ሲያነቡ ግን ቁጥቋጦው ለርግቧ መሸሸጊያ ይሁን ድመት የሚያደባበት ቦታ አስቀድመው ያጣሩ፤ አለዚያ ቁጥሩን በተቃራኒው ይተረጉሙታል።