ከሪዳክሽን በኋላ የትኛውን ዓምድ ነው የምንወስደው?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ረድፎቹ (1, 2, 1)፣ (2, 4, 3) እና (3, 6, 4) የሆኑ ማትሪክስ ተሰጥቶ የኮለም ስፔሱን (ዓምዶቹ እየተባዙና እየተደመሩ የሚሰጡትን ሁሉ) ቤዚስ (ያን ሁሉ የሚያስገኙ፣ ትርፍ የሌለባቸው ቬክተሮች) ፈልጉ ይላል። ሪዱስ ሲደረግ (ረድፎቹ እየተባዙና እየተቀናነሱ ሲቀለሉ) (1, 2, 0)፣ (0, 0, 1)፣ (0, 0, 0) ይወጣል። ፒቮት (በየረድፉ መጀመሪያ የሚመጣው ዜሮ ያልሆነ ቁጥር) ያለባቸውን ዓምዶች፣ (1, 0, 0) እና (0, 1, 0)ን ብጽፍ ኤክስ ነው። ለሮው ስፔስ (ያው ነገር ለረድፎቹ) ግን ከሪዱሱ ላይ ረድፎቹን መውሰድ ልክ ነው ተባለ። አንዱ ላይ ሠርቶ ሌላው ላይ የማይሠራው ለምንድን ነው?

መልስ 1፦
ሪዳክሽንህ ልክ ነው። ፒቮቶቹ ግን ስንተኛው ዓምድ እንደሚወሰድ ብቻ ነው የሚነግሩህ፤ ዓምዱን ራሱን የምትቀዳው ከመጀመሪያው ማትሪክስ ነው። 1ኛውና 3ኛው፦ (1, 2, 3) እና (1, 3, 4)።

አንተ የጻፍካቸውን ሁለቱን እንደፈለግክ እያባዛህ ብትደምራቸው ሦስተኛው ቦታ ላይ ሁሌም 0 ነው የምታገኘው። የማትሪክሱ 1ኛ ዓምድ ግን መጨረሻው 3 ነው። ታዲያ ይሄ 3 ከየት ይመጣል?

አዲሶቹ ረድፎች ከድሮዎቹ ተባዝተውና ተደምረው የመጡ ናቸው፤ ወደ ኋላም መመለስ ይቻላል። ስለዚህ ሮው ስፔሱ አይነቃነቅም። ዓምዶቹ ግን ይለወጣሉ። የማይለወጠው በመካከላቸው ያለው ዝምድና ነው፤ 2ኛው ዓምድ ከሪዳክሽን በፊትም በኋላም የ1ኛው እጥፍ ነው። ትርፉን ዓምድ ከሪዱሱ ላይ መለየት የሚቻለውም ለዚህ ነው።

መልስ 2፦
ናል ስፔሱንም (ማትሪክሱ ሲባዛባቸው 0 የሚሰጡትን ቬክተሮች) አውጣው። ነፃው ተለዋዋጭ (ዓምዱ ፒቮት የሌለው) 2ኛው ነው፤ 1 ስትሰጠው (−2, 1, 0) ይመጣል። ከመጀመሪያው ማትሪክስ ጋር አባዛው፦ −2+2፣ −4+4፣ −6+6፤ ሁሉም 0። ራንክ (የፒቮቶቹ ብዛት) 2፣ ናሊቲ (የነፃ ተለዋዋጮቹ ብዛት) 1፣ ድምሩ 3፣ ማለትም የዓምዶቹ ብዛት። ግን በዚህ ቼክ አትተማመን፤ የተሳሳቱትን ዓምዶች ብትጽፍም ቁጥሩ ያው ይገጥማል።

መልስ 3፦
ከርዕሱ ትንሽ ልውጣና፣ ዲተርሚናንት (ከካሬ ማትሪክስ የሚሰላ አንድ ቁጥር) ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ነገር አለ። ክፍልፋይ ለመሸሽ 2ኛውን ረድፍ በ3 አባዝቶ 1ኛውን መቀነስ። ለሪዳክሽን ችግር የለውም። ዲተርሚናንት ላይ ግን ውጤቱን 3 እጥፍ ያደርገዋል። (3, 1) እና (1, 2)ን እዩ፤ ትክክለኛው 5 ነው። በዚህ መንገድ 2ኛው ረድፍ (0, 5) ሆኖ 15 ይወጣል፤ ለ3 ማካፈል የግድ ነው። ረድፍ ከተቀያየረ ደግሞ ምልክቱ ይገለበጣል።

ጠያቂው፦
ገባኝ፣ አመሰግናለሁ። 2ኛውንና 3ኛውን ዓምድ ብወስድስ?

መልስ 1፦
ይሆናል። (2, 4, 6) የ(1, 2, 3) እጥፍ ስለሆነ ቦታውን ይተካል። 1ኛውንና 2ኛውን ግን አብረህ አትውሰድ፤ ሁለቱም አንድ መስመር ላይ ናቸው።