ሚኒሶታ ጓሮ ላይ ቃሪያና ጎመን፦ አምና ሁሉም ሞተብን፣ ዘንድሮ ከየት እንጀምር?

ማክዳ ዘሚኒሶታ
ሰላም ለዚህ ቤት፣ እንዴት ናችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል ታገሱኝ። ሚኒያፖሊስ ነው ምንኖረው፣ ብዙ አመት አፓርትመንት ቆይተን አምና ነው ጓሮ ያለው ቤት የገባነው። እናቴ ከመጣች ሁለት አመቷ ነው፣ ዊንተሩን ሙሉ መስኮት ስር ቁጭ ብላ ነው ምታሳልፈው፣ እና ጓሮውን ያየች ቀን ጎንበስ ብላ አፈሩን በእጇ ዘግና አሽታ "ይሄማ ጥቁር አፈር ነው፣ ምን የማያበቅል አለ" አለችኝ። ከዛ ቀን ጀምሮ ሌላ ወሬ የለንም።

አምና ሜይ መጀመሪያ ላይ ሶስት አራት ቀን ጥሩ ሙቀት ሆነ፣ ሰው ሁሉ በቁምጣ ወጣ፣ እኛም በቃ ብርዱ አለቀ ብለን 12 የቃሪያ ችግኝ፣ 6 ቲማቲም፣ ጓደኛዬ የሰጠችኝን በሶብላ በአንድ ቀን ተከልን፣ ጎመኑንም እዛው ዘራን። ሳምንት ሳይሞላው ሌሊት ውርጭ ወረደና ጠዋት ስንወጣ ቃሪያው የፈላ ውሃ የተደፋበት ይመስል ጠቁሮ ተኝቷል፣ በሶብላውም እንደዛው። እማዬ ምንም አላለችም፣ አንድ በአንድ እየነቀለች ባልዲ ውስጥ ከተተችው። ጎመኑ ተረፈ ስንል ጥንቸል ጨረሰው። ጁን ላይ ሌላ ቃሪያ ገዝተን ተከልን፣ ቅጠሉ እጅግ ያማረ፣ ፍሬ ግን ኦገስት አልፎ ነው ማውጣት የጀመረው፣ ከዛ ብርዱ መጣ።

አሁን ማርች ገባ፣ ውጪ ገና በረዶ ነው። መቼ ነው ምንተክለው? ከዘር እንጀምር ወይስ ችግኝ እንግዛ? እናቴ ከሀገር ቤት የቃሪያና የጎመን ዘር ላስመጣ ትላለች፣ ይቻላል? ነጭ ሽንኩርትስ እዚህ ይሆናል? የምታውቁ እባካችሁ።

የደብረ ብርሃን ልጅ
እህቴ ሰላም፣ እኔ እዚሁ አጠገባችሁ ሴንት ፖል ነኝ፣ 11 አመት ጓሮ ላይ ሰርቻለሁ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት አመት እንዳንቺው ነው ያለቀሰው ጓሮዬ። በኋላ የገባኝ ነገር ቢኖር ስህተቱ ቀኑ ብቻ አይደለም፣ ሁሉንም በአንድ ቀን መትከሉ ነው። እናትሽን ስለ ሚኒሶታ ሳይሆን ስለ ደጋና ቆላ አውሪያቸው፣ ወዲያው ይገባቸዋል። እኔ ያደግኩበት አገር ጥቅምትና ህዳር ላይ አመዳይ ሜዳውን ነጭ ያደርገዋል፣ ግን ባቄላ አለ፣ አተር አለ፣ ድንች አለ፣ ጎመን አለ። ቃሪያ ግን ጓሮህ ውስጥ አትጠብቅም፣ ከቆላ ነው ሚመጣው። እዚህም ያው ነው፣ አንድ ጓሮ ላይ መጀመሪያ ደጋ ይመጣል ከዛ ቆላ ይመጣል።

ስለዚህ የደጋዎቹን፣ ማለትም ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ካሮት፣ ቀይ ስር፣ አተር፣ ባቄላ፣ ድንች፣ አፈሩ በረዶው ቀልጦ ውሃው ጠፈፍ እንዳለ ኤፕሪል አጋማሽና መጨረሻ ላይ ዝሩ። አፈሩን በእጅሽ ጨብጠሽ ስትለቂው እንደ ሊጥ ከተጣበቀ ገና ነው፣ ከተፈረፈረ ደርሷል። ጎመን ትንሽ ውርጭ አይገድለውም፣ እንደውም መኸር ላይ ውርጭ ከነካው በኋላ ጣፋጭ ነው ሚሆነው፣ ብርዱን ለመቋቋም ስኳር ስለሚያበዛ ነው፣ እኔ ኖቬምበር ላይ በረዶ አራግፌ ቀጥፌ በልቻለሁ። ባቄላ ላይ ግን አትዘግዩ፣ ሙቀት ሲበረታ አበባውን ያረግፋል፣ ኤፕሪል የተዘራ ነው ለእሸት የሚደርሰው።

ቆላዎቹ ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ በሶብላ፣ ዱባ፣ ቦሎቄ ናቸው። ከተማችን ውስጥ የመጨረሻው ውርጭ ብዙ ጊዜ በኤፕሪል መጨረሻና በሜይ አጋማሽ መሃል ነው ሚወርደው፣ ግን ለቃሪያ ውርጭ አለመኖሩ ብቻ አይበቃም። ሌሊቱ ከ50 ፋራናይት (10 ሴልሺየስ) በታች እየወረደ ከሆነ አይሞትም ግን ቆሞ ይቀራል፣ አያድግም። እኔ ሜሞሪያል ዴይ ሳይደርስ፣ ማለትም የሜይ የመጨረሻው ሰኞ፣ ቃሪያ ከቤት አላወጣም።

እመ ያፌት (ካልጋሪ)
የደብረ ብርሃን ልጅ ያለው ትክክል ነው፣ እኛ ጋ ደግሞ ይብሳል፣ ካናዳ ካልጋሪ ሰመሩ አጭር ነው፣ ሴፕቴምበር አጋማሽ ላይ ውርጭ ሊመጣ ይችላል። እዚህ ሰው ቪክቶሪያ ዴይን፣ ማለትም ከሜይ 25 በፊት ያለውን ሰኞ፣ ጠብቆ ነው ሚተክለው፣ እኔ ግን ከሱም ሳምንት እጨምራለሁ።

ማክዳዬ ከዘር ጀምሪ፣ ችግኝ ቤት የምታገኚው ጃላፔኞና ደወል ቃሪያ ነው። ቃሪያ ወደ ውጪ ከሚወጣበት ከ8 እስከ 10 ሳምንት በፊት ቤት ውስጥ ይዘራል፣ ላንቺ አሁን ማርች አጋማሽ ማለት ነው፣ ቲማቲም ግን 6 ሳምንት ይበቃዋል፣ አትቸኩይበት። ቃሪያ ለመብቀል ሙቀት ይፈልጋል፣ 80 ፋራናይት (27 ሴልሺየስ) አካባቢ፣ የቤታችሁ ሙቀት ብቻውን ያዘገየዋል፣ ለዚህ ሂት ማት ሚባል ከስሩ የሚነጠፍ ማሞቂያ አለ፣ ውድ አይደለም። አፈሩን ከጓሮ አታምጪ፣ ለዘር ማብቀያ ተብሎ የሚሸጠውን ቀለል ያለ አፈር ግዢ፣ የጓሮ አፈር ውስጥ ያለው ሻጋታ ችግኙን አንገቱ ላይ ቆርጦ ይጥለዋል።

ከሁሉ በላይ መብራት። ሁላችንም መስኮት ላይ እናስቀምጥና ችግኙ ቀጥኖ ረዝሞ ወደ መስታወቱ ይንጋደዳል፣ እንደዛ ያደገ ችግኝ ውጪ ሲወጣ ንፋስ አይችልም። ጋራዥ ውስጥ የሚሰቀለው ረጅም ነጭ ኤልኢዲ መብራት ይበቃል፣ ከችግኙ ጫፍ አራት ጣት ብቻ ከፍ አድርገሽ ስቀዪው፣ በቀን ከ14 እስከ 16 ሰአት ይብራ፣ ሲያድግ መብራቱንም ከፍ እያደረግሽ።

ከማውጣትሽ በፊት ደግሞ አለማምጂው። የመጀመሪያ ቀን አንድ ሰአት ጥላ ስር፣ ከዛ ሁለት ሰአት፣ ከዛ ትንሽ ፀሀይ፣ እንዲህ እያልሽ ሳምንት አስር ቀን። ይሄን ዘልዬ አንድ አመት በአንድ ቀን ፀሀይ ቅጠሉ ሁሉ ወረቀት መስሎ ነጭ ሆኖብኛል።

ጆሲ 612
እኔ ማዘርስ ዴይ (የሜይ ሁለተኛው እሁድ) ላይ ተክዬ ሁለቴ ምንም አልሆነብኝም። እና ቅጠል ብቻ ሆነ ላልሽው ማዳበሪያ አንሶት ነው፣ የዶሮ ፍግ ከእርሻ አምጥተሽ አልብሺው።

የደብረ ብርሃን ልጅ
ጆሲ ወንድሜ ሁለቱም ላይ አልስማማም። ማዘርስ ዴይ ላይ አንዳንድ አመት ያልፋል፣ አንዳንድ አመት አያልፍም፣ እሷ አምና ውርጩ ደርሶባታል፣ እናቷ ድጋሚ ባልዲ ይዘው እንዲነቅሉ አልፈልግም። ቅጠሉ አምሮ ፍሬ እምቢ ካለ ደግሞ ብዙ ጊዜ ናይትሮጅን (ቅጠል የሚያበዛው የማዳበሪያ ንጥረ ነገር) በዝቶበት ነው እንጂ አንሶት አይደለም፣ ዘግይቶ መተከሉም አለበት። ትኩስ የዶሮ ፍግ ስሩን ያቃጥላል፣ ለጤናም ጥሩ አይደለም፣ አፈር የሚነካ አትክልት ላይ ትኩስ ፍግ ከተጨመረ እስከሚበላ ቢያንስ 120 ቀን መቆየት አለበት፣ እኛ ጋ ደግሞ ሰመሩ ራሱ ከዛ ብዙም አይረዝም። ፍግ ካገኛችሁ ኦክቶበር ላይ መሬቱ ላይ በትኑት፣ ወይ በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት ግዙ።

ጆሲ 612
የ120 ቀኑን አላውቅም ነበር፣ አመሰግናለሁ ወንድሜ።

ሰናይት ነርስ
ሰላም ማክዳ፣ አንድ ነገር ሳትዘሩ በፊት ልጠይቅሽ፣ ቤታችሁ መቼ ነው የተሰራው? አሜሪካ ውስጥ ሊድ (እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት) ያለው የቤት ቀለም የተከለከለው በ1978 ነው፣ ከዛ በፊት የተሰራ ቤት ከሆነ ግድግዳው ስር ያለው አፈር ውስጥ ለአመታት የተላጠ ቀለም ሊኖር ይችላል። ሊድ ደግሞ የህፃናትን አእምሮ ነው ሚጎዳው፣ በአይን አይታይም፣ እናትሽ እንዳደረጉት አፈር ማሽተት አይለየውም። ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ሚኒሶታ የአፈር ምርመራ ላብራቶሪ አለው፣ ከጓሮሽ የተለያየ ቦታ አፈር ቀላቅለሽ ትልኪላቸዋለሽ፣ ሊድ ጭምር እንዲመረመር ብለሽ ምልክት አድርጊ፣ የአፈሩንም ሁኔታ ምን እንደጎደለው ይነግሩሻል። እስከዛ ከግድግዳው ራቅ በሉ፣ ወይ በሳንቃ ከፍ ያለ መደብ ሰርታችሁ ንፁህ አፈር ሙሉበት፣ አንድ ክንድ ያህል ከፍታ ከሆነ ለጎመንም ለካሮትም ይሆናል፣ እናትሽም ብዙ ጎንበስ አይሉም። በተለይ ቅጠላ ቅጠልና ስር ስር የሆኑትን ሳታስመረምሩ መሬቱ ላይ አትትከሉ።

ማክዳ ዘሚኒሶታ
ሰናይትዬ ተባረኪ፣ ቤቱ የ1950ዎቹ ነው፣ አምና የተከልነው ደግሞ ልክ ግድግዳው ስር ነበር፣ ፀሀይ ስለሚመታው። ልጆቼ እዛ ጋ ነው አፈር ሲጫወቱ የሚውሉት። ነገውኑ እልካለሁ።

ሰናይት ነርስ
አይዞሽ፣ ብዙ ቤት ላይ ምንም አይገኝም፣ ግን ልጆች ስላሉ ለሀኪማቸው ንገሪው፣ የደም ምርመራው ቀላል ነው። አሁን ከውጪ ሲገቡ እጅ መታጠብና ጫማ በር ላይ ማውለቅ ይልመዱ።

ሶስና ስቶክሆልም
እኔ እዚህ ስዊድን ከጀመርኩ ሶስት አመቴ ነው፣ እዚህ ለየት የሚለው ብርሃኑ ነው፣ ጁን ላይ ከ18 ሰአት በላይ ፀሀይ አለ፣ ድንብላልና ስፒናች ገና ሳይጠነክር አበባ ያወጣና ዘር ይሆናል፣ ስለዚህ እነሱን በጣም ቀደም ብዬ ነው ምዘራው ወይ ኦገስት ላይ። ለብርዱ እዚህ ሰው ሁሉ ፊበርዱክ ሚለው ስስ ነጭ ጨርቅ አለ፣ አሜሪካም አትክልት ቤት ይሸጣል፣ ውርጭ አለ በተባለ ምሽት ከላይ ጣል ታደርጊና ጠርዙን በድንጋይ ትይዣለሽ፣ ጥቂት ዲግሪ ያተርፍልሻል። ጎመን ላይ ደግሞ ገና ከዘር ጀምሮ ብትሸፍኚው ነጭ ቢራቢሮዋ እንቁላል አትጥልበትም፣ አረንጓዴዎቹ ትሎች የሷ ናቸው።

በሶብላ፣ ኮሰረትና ጤና አዳም ለሚሉ ደግሞ መሬት ላይ አትትከሉ፣ በማሰሮ፣ በባልዲ አድርጉት፣ ሰመር ውጪ ይክረም፣ ሴፕቴምበር ላይ ወደ ቤት። የኔ ጤና አዳም ሁለት ዊንተር አልፏል፣ ለቡና ከመስኮት ነው ምቀጥፈው። ስትቆርጡት ግን ጓንት አድርጉ፣ ፈሳሹ ቆዳ ላይ እያለ ፀሀይ ካገኘው ያቃጥላል፣ ልጄ እጇ ላይ ውሃ ቋጥሮ ሳምንታት ጠባሳው ቆይቷል።

እመ ያፌት (ካልጋሪ)
ሶስና ባልዲ ስላለች፣ ቃሪያም በባልዲ በጣም ይመቸዋል! እኔ ባለ 20 ሊትር ጥቁር ባልዲ ስሩን በስቼ ነው ምተክለው፣ ጥቁሩ ሙቀት ይስባል፣ ብርድ ሲመጣ ጎትቼ ጋራዥ አስገባለሁ። በረዶ ድንጋይ ሲጥልም እንደዛው፣ እኛ ጋ ጁላይ ላይ ሳይታሰብ ይወርድና ጎመኑን ወንፊት ያደርገዋል።

የደብረ ብርሃን ልጅ
የቀሩትን ጥያቄዎች ልመልስ። ጥንቸሉን ሌላ ነገር አይከለክለውም፣ ፀጉር በትኑ፣ በርበሬ ነስንሱ ይሉሻል፣ ዝናብ ሲመጣ ያልቃል። ቀዳዳው ጠባብ የሆነ የዶሮ ሽቦ፣ ቁመቱ እስከ ጉልበት፣ ታችኛውን ጠርዝ አንድ ስንዝር አፈር ውስጥ ቅበሩት፣ በቃ።

ዘር ከሀገር ቤት ያልሽው፣ ሻንጣ ውስጥ ደብቆ ማምጣት አይሆንም፣ ለመዝራት የሚሆን ዘር የእፅዋት ጤና ሰርተፊኬት ያስፈልገዋል፣ ኤርፖርት ላይ ካላሳወቃችሁ ቅጣትም አለው። የሀበሻ ጎመን ግን አሜሪካ ውስጥ ዘሩ ይሸጣል፣ የኢትዮጵያ ኬል ብለሽ ፈልጊ፣ ካጣሽ ኮላርድ ግሪን ቅርብ ዘመዱ ነው። የማረቆ ቃሪያ የሚሰጥሽ ሰው እዚሁ አታጪም፣ ግን እሱ ብዙ ጊዜ ይፈልጋል፣ ቀልቶ ደርቆ በርበሬ እስኪሆን እዚህ አትጠብቂ፣ በአረንጓዴው ለቃሪያ ስንግ ብሉት።

ነጭ ሽንኩርት ደግሞ እዚህ ከሚሆኑት ሁሉ በላጩ ነው። ሚተከለው ስፕሪንግ ላይ አይደለም፣ መስቀል በዋለ በሁለት ሶስት ሳምንቱ ነው፣ ኦክቶበር ላይ። የሱፐርማርኬቱን ሳይሆን መሃሉ ጠንካራ ግንድ ያለውን የዘር ነጭ ሽንኩርት ግዢ፣ ፍልቃቂውን ሹሉን ወደላይ፣ ሶስት ጣት ጥልቀት፣ በመሃላቸው አንድ ስንዝር ተዪ። መሬቱ በብርድ ሊጠጥር ሲል ገለባ ወፍራም አድርገሽ አልብሺው፣ በረዶው ስር ይተኛል። ጁን ላይ የሚጠማዘዘውን የአበባ ግንድ ቁረጪው፣ ከጎመን ጋር ሲጠበስ ልዩ ነው። ጁላይ ላይ ግማሽ ቅጠሉ ሲደርቅ ንቀይ፣ ጥላ ላይ ሁለት ሶስት ሳምንት ስቀዪው። እኔ ከአንድ አነስተኛ መደብ የአመት ነጭ ሽንኩርቴን አገኛለሁ።

ማክዳ ዘሚኒሶታ
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ለእማዬ ሁሉንም አነበብኩላት። ደጋና ቆላ የሚለው ላይ ስደርስ "እንዲህ ብለው ቢነግሩኝ እኔስ መች እሳሳት ነበር" አለች። መብራቱንና ማሞቂያውን ገዝተን ቤዝመንት ላይ አድርገናል፣ ቃሪያውን ማርች 15 ዘራን፣ የአፈሩንም ናሙና ልኬያለሁ።

ማክዳ ዘሚኒሶታ
ዛሬ ማርች 26 ነው፣ እማዬ ሌሊት ለፀሎት ተነስታ ቤዝመንት ወርዳ አይታ ቀሰቀሰችኝ፣ ሰባት ቃሪያ በቅሏል! ገና አንገቱን እንደደፋ ነው፣ አንዱ ዘሩን ጭንቅላቱ ላይ እንደ ቆብ አድርጎታል። አሁን ምን እናድርግ፣ ማሞቂያው ይቀጥል? ዘሩንስ እናውልቅለት?

እመ ያፌት (ካልጋሪ)
እልልል! ዘሩን አትንኩት፣ ትንሽ ውሃ ጠብ አድርጉበት ራሱ ይጥለዋል። ግማሽ ያህሉ ከበቀለ ማሞቂያውን አንሱት፣ ከላይ ሸፍናችሁት ከሆነም ክፈቱት። መብራቱን ዛሬውኑ አራት ጣት ድረስ አውርዱ፣ ውሃ ደግሞ ከላይ ሳይሆን ከስር ሳህን ላይ አድርጉለት፣ አፈሩ ከላይ ደረቅ ሲል ብቻ። ለእማማ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።