መናኸሪያ ዙሪያ ሰፈር ሲታቀድ ከምን ይጀመር?

ጣና ዳር፦
ሰላም የባሕር ዳር ልጆች። አዲሱ የአባይ ድልድይ ግንቦት 2016 ከተመረቀ ወዲህ የብዙ ሰው ዓይን ወደ ማዶ፣ ወደ ዘንዘልማ በኩል ነው። አንድ ቀን እዚያ የከተማ አውቶቡስ መናኸሪያ መምጣቱ አይቀርም ብዬ አስባለሁ። የምፈራው መናኸሪያው ሜዳ ላይ ብቻውን ይገተርና ሰዉ ከአውቶቡስ ወርዶ እንደገና ባጃጅ ፍለጋ እንዳይንከራተት ነው። ቤቱ፣ ሱቁ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያው በእግር የሚደረስ እንዲሆን ከምን ይጀመር? የምታውቁ እስኪ ንገሩኝ።

የፖሊ ልጅ፦
ከመንገዱ ይጀመር ወንድሜ። በከተማ ፕላን ሙያ ሰው በእግሩ ይሄደዋል ተብሎ የሚወሰደው የተለመደ ልክ ከጣቢያው 400 እስከ 800 ሜትር ነው፣ በእግር ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ማለት ነው። ግን መሀል ላይ አንድ ሰፊ ግቢ በግንብ ከታጠረ ያ 400 ሜትር ዞሮ ዞሮ ኪሎ ሜትር ይሆናል። ብሎኮቹ አጠር ይበሉ፣ ማቋረጫው ይብዛ። ምድር ቤቱ ሱቅ፣ ከላዩ መኖሪያ ይሁን፤ ሱቁም ፊቱን ለእግረኛው ይስጥ።

አዲስ አበባን እዩ። መስከረም 2008 ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ሀዲዱ ሰፊ መንገድ መሀል ታጥሮ ስለሚሄድ፣ ብዙ ቦታ ላይ ፊት ለፊትህ የሚታየውን ሰፈር ለመድረስ ረጅም መዞር አለ። ብራዚል ያለችው ኩሪቲባ ግን በ1974 እ.ኤ.አ. ለአውቶቡስ ብቻ የተለየ መንገድ ስትከፍት፣ ረጃጅም ሕንፃ የሚፈቀደውንም በዚያው መስመር ግራና ቀኝ አደረገችው።

ባለ ባጃጁ፦
እኛንም አስቡን። ሰው በእግሩ ቢሄድ ደስ ይለኛል፣ ግን ጆንያ የያዘች እናት አለች፣ ሽማግሌ አለ፣ ሕመምተኛ አለ። ከመናኸሪያው በር ጎን ለባጃጅ ተራ መያዣ ይለይ። ካልተለየ በሩ ላይ እንቆማለን፣ እግረኛው አስፋልት ላይ ይወጣል፣ ትራፊክ ያባርረናል፣ ዞረን እንመጣለን፣ ቀኑን ሙሉ እንዲሁ። ደግሞ ከተማችን ሜዳ ናት፣ ለብስክሌት የተፈጠረች። ድልድዩ ላይ የብስክሌት መስመር አለ፤ እስከ መናኸሪያው ካልቀጠለና ጥበቃ ያለው ማቆሚያ ከሌለ ምን ይረባል?

የጊዮርጊስ ሰፈር፦
እህቴ የ10 ደቂቃውን ነገር ጥሩ ብለሻል፣ ግን በመጋቢት ፀሐይ ያለ ጥላ 10 ደቂቃ ብዙ ነው። ዘንባባ ያምራል እንጂ ጥላው ስስ ነው። ጃካራንዳም ይተከል። ክረምት ሲመጣ ደግሞ ውሃ መሬቱ ላይ ይተኛል፤ ቦዩ ክዳን ከሌለው ልጅ ይዞ ማን በዚያ ያልፋል?

ከሁሉ በላይ ጉሊቶቹን አትርሱ። አዲስ ነገር ሲሠራ መጀመሪያ የሚነሱት እነሱ ናቸው። በቆሎ የምትጠብሰዋ፣ ቡና የምታፈላዋ እስከ ምሽት እዚያ ስለሚቀመጡ ነው ሴት ልጅ አምሽታ ከአውቶቡስ ስትወርድ የማትፈራው። ከዕቅዱ ጀምሮ ቦታ፣ መብራት፣ ውሃ፣ መፀዳጃ ይያዝላቸው።

ጣና ዳር፦
ተባረኩ። የመሬቱ ዋጋስ? ጣቢያ ይመጣል ሲባል ሰማይ አይነካም ወይ?

የፖሊ ልጅ፦
ይነካል። ለዚህ ነው ነገሩ ቀድሞ በሰነድ መታሰር ያለበት። መሬቱ በሊዝ አዋጁ መሠረት የሚሰጠው በጨረታ ወይም በምደባ ነው። ስንት ፎቅ፣ ምድር ቤቱ ለምን እንደሚውል፣ ከቤቶቹ ምን ያህሉ ዝቅተኛ ገቢ ላለው እንደሚከራይ፣ አጥር እንደማይፈቀድ ጨረታው ሳይወጣ ሰነዱ ላይ ይጻፍ። አሸናፊው ውል ከፈረመ በኋላ ብትጮህ የሚሰማህ የለም። ስለዚህ የነዋሪዎች ስብሰባ ሲጠራ የሰፈር ፕላኑን ረቂቅ አሳዩን በሉ፣ ጥያቄያችሁም ቃለ ጉባኤው ላይ መግባቱን ሳታዩ አትውጡ።